ጠፋች የተባለችው ሳጥን

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጫካ ወጥተን፣ ጫማችን ጭቃ በጭቃ እንደሆነ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ያገር ልጅ ቡና ቤት ገብተን ተቀመጥን። አራት ነን። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ፣ አንዲት ነርስ፣ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣትና እኔ። ዘመድም የሥራ ባልደረባም አይደለንም። ያገናኘን ጂኦካሺንግ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። አንድ ሰው ሳጥን ይደብቃል፤ ያለችበትን ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር ድረ ገጽ ላይ ያሰፍራል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጧ ያለው ወረቀት ላይ ፈርሞ፣ ሳጥኗን እንደነበረች መልሶ ደብቆ ይሄዳል። ልጆች ሆነን "ኩኩሉ፣ አልነጋም" እያልን የተጫወትነው ድብብቆሽ፣ አሁን በሳተላይት ነው።

ወጣቱ ማኪያቶውን እያማሰለ "ባለፈው ሳምንት አንድ ደግ ሥራ ሠራሁ" አለ። ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ሳጥን ሲፈልግ አርባ ደቂቃ ሙሉ የዛፍ ሥር አገላብጦ አጣት። ከሱ በፊት የሄዱ ሦስት ሰዎችም "አላገኘሁም" ብለው ጽፈዋል። ጠፍታለች ብሎ ደመደመ። ኪሱ ውስጥ የድሮ ፊልም የሚቀመጥበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነበረው። ወረቀት ጠቅልሎ ከተተበት፣ ፈረመ፣ ከዛፉ ሥር ሸጎጠው። ስልኩ ላይም "አገኘሁ። ጠፍታ ስለነበር በአዲስ ተክቻለሁ" ብሎ ጻፈ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"ምኑን አገኘህ?"

"እንዴት ምኑን፣ ጋሼ? ቦታው ደርሻለሁ፣ ፈልጌያለሁ..."

"ልጄ፣ ያስቀመጥኸውን ነው ያገኘኸው።"

ወጣቱ ፊቱ ቀላ። ግን ዝም አላለም። የሳጥኗ ባለቤት፣ የደበቃት ሰው ማለት ነው፣ ዓመት ሙሉ ድምፁ እንዳልተሰማ ተናገረ። ሰው በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ጭኖ፣ ነዳጅ አቃጥሎ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ ወይ? አንዲት ዕቃ ማስቀመጥ ማንን ይጎዳል? እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንደዚያው አስብ ነበር።

ነርሷ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። "እኔን ይጎዳል" አለች።

የራሷን ነገረችን። አንዲት ክዳኗ በአራት በኩል የሚቆለፍ የምግብ ዕቃ አላት። አረንጓዴ ቀብታ፣ የወደቀ ግንድ ውስጥ ደብቃታለች። ከአንድ እስከ አምስት በሚለካው የአስቸጋሪነት ደረጃ ሦስት ሰጥታታለች፤ ስለዚህ ቶሎ እንደማትገኝ ፈላጊው ያውቃል። አንዱ መጥቶ አጣት። የመድኃኒት ብልቃጥ ግንዱ ሥር ጥሎ "ተካሁ" ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ብልቃጡን ነው። እሱ ላይ እየፈረመ፣ "ደስ የምትል ሳጥን፣ እናመሰግናለን" እያለ ሄደ። እሷ ለጥገና ስትሄድ ሳጥኗ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ደረቅ ናት። ወረቀቷ ላይ ያለው የመጨረሻ ፊርማ የሰባት ወር ነው።

"ሰባት ወር ሙሉ" አለች፣ "ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ጎረቤት ቤት ሰላም ብሎ ሲመለስ እንደማለት ነው።"

"የአንቺ ሌላ ነው እህቴ፤ አንቺ ሄደሽ ታያለሽ" አለ ወጣቱ። "ይሄ ሰውዬ ግን ጥሏት ሄዷል።"

"ጥሏት ከሄደ ትሙት!" አሉ ጋሼ።

ይሄኔ ነው ክርክሩ የጋመው። የጋሼ ነገር ስታስቡት ሥሩ ጥልቅ ነው። በደንቡ ሁለት ሳጥኖች ከ161 ሜትር በታች መቀራረብ አይችሉም። ስለዚህ አንዲት ባለቤት የሌላት ሳጥን ቦታ ይዛ ተቀመጠች ማለት፣ ሌላ ሊንከባከብ የሚችል ሰው እዚያ መደበቅ አይችልም። ተገቢው መንገድ ሌላ ነው። ያጣ ሰው "አላገኘሁም" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ለባለቤቱ "ሂድና እያት" የሚል ማሳሰቢያ ይልካል። ባለቤቱ ዝም ካለ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት የድረ ገጹ ገምጋሚዎች ያግዷታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ቀን ይሰጡታል። ካልመጣ መዝገቡን ይዘጋሉ፣ ቦታው ነጻ ይወጣል።

"አንተ አዲስ ዕቃ ስታስቀምጥላት ግን ያለች መሰለች" አሉት። "ባለቤቱ ደህና ናት ብሎ ይተኛል። ገምጋሚውም ያልፋታል። ያንተን ፕላስቲክ ደግሞ ማን ይጠግናል? አንተ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!"

ወጣቱ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ግን ሌላ ነገር አነሳ፤ ይሄኛው ነጥብ ደግሞ ልክ ነው። "ታዲያ ባለፈው ያቺን ውሃ የሞላች ሳጥን ለምን ጠገኑ? እሷስ የርስዎ ናት?"

ያቺን ሳጥን አልረሳትም። ከድልድይ አጠገብ ድንጋይ ሥር ነበረች። ጋሼ ክዳኗን ሲከፍቱ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሁለት ጣት ውሃ ተኝቶባታል። ወረቀቱ እንደ እንጀራ ሊጥ ሆኗል፣ ዳር ዳሩ ሻግቷል፣ የሰው ስም ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ሆኖ ፈሷል። ሳጥኗ አልተሰበረችም። ጥፋቱ የአንድ ችኩል ሰው ነው። ወረቀቱ ያለበትን ዚፕ ያለው ላስቲክ አጥፎ ሳይከት ከደነ፤ የላስቲኩ ጫፍ ክዳኑና ጎማው መሃል ተያዘ። በዚያች ቀጭን ክፍተት ዝናቡ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። ጋሼ ውሃውን ደፉ፣ በጨርቅ አደረቁ፣ የጎማውን ዙሪያ በጣታቸው እየዳሰሱ አሸዋውን ጠረጉ። ደረቅ ወረቀት ጨመሩ። አሮጌውን ግን አልጣሉም፤ በሌላ ላስቲክ ለብቻው አድርገው መለሱት። የባለቤቷ ነውና።

"ልዩነቱ እሱ ነው" አሉት ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። "ያቺ ሳጥን በእጄ ነበረች። ያለችውን ማድረቅና የሌለችውን መፍጠር አንድ አይደለም። ለባለቤቷም ያደረግሁትን ጽፌላታለሁ።"

ስለ ዕቃም ትንሽ ተጨቃጨቅን። ወጣቱ ስልክ ይበቃል ባይ ነው። ነርሷ ከቦርሳዋ ወረንጦ፣ እርሳስ፣ ባትሪና ጓንት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ወረንጦው የጣት ጫፍ ከምታክለው ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለውን ወረቀት ማውጫ ነው። እስክሪብቶ ብርድና እርጥበት ላይ ይለግማል፤ እርሳስ አይለግምም። እኔ የጨመርኩት የመዥገር መከላከያ ብቻ ነው፤ በሜሪላንድ ጫካ በሙቀቱ ወራት ያለሱ መግባት አይመከርም።

ጋሼ መጨረሻ ላይ የጨዋታውን መነሻ አነሱ። አሜሪካ ሆን ብላ የጂፒኤስን ምልክት ታዛባ የነበረበትን አሠራር ያቆመችው በ2000 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ወዲያው ግንቦት 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። ውስጡ መጽሐፍ፣ ወንጭፍ፣ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አውሬ አሽትቶ ሳጥኗን ይሰብራታል። "ደንቡ ሁሉ እንዲህ ከደረሰ ነገር የመጣ ነው" አሉ። "እኛን ለማስጨነቅ የተጻፈ የለም።"

እኔ በበኩሌ ከጋሼና ከነርሷ ጋር ነኝ። "አላገኘሁም" ብሎ መጻፍ ሽንፈት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ግን ለባለቤቱ ከሁሉ የሚጠቅመው ወሬ እሱ ነው። በላዩ ላይ "አገኘሁ" የሚል ሲደረብበት ወሬው ተበላሸ ማለት ነው። ባዶ እጅ ተመልሶ እውነቱን የጻፈ ሰው ለኔ ፈርሞ ከመጣው አያንስም። ወጣቱ በባለቤቱ መናደዱ ግን ተገቢ ነው፤ ጋሼ እዚህ ላይ አለፉት። አርባ ሳጥን ደብቆ አንዷንም ዞሮ የማያይ ሰው አለ። ከከባድ ዝናብ በኋላ በእግሩ ሄዶ ሊያያት የማይችለውን ሳጥን ባይደብቅ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንዙ ዳር አብረን ሄድን። አራታችንም ፈለግን፤ የቀድሞዋን ሳጥን አላገኘናትም። ወጣቱ የራሱን ዕቃ ከዛፉ ሥር አወጣ። እዚያው ቆሞ ስልኩ ላይ የጻፈውን ወደ "አላገኘሁም" ቀየረ፣ ለባለቤቱም ማሳሰቢያ ላከ።

ዕቃውን ሲከፍተው ከሱ ፊርማ ሥር ሁለት ስም ተጨምሯል። አንዱ የትልቅ ሰው ነው። ሌላው በእርሳስ፣ ትልልቅ ሆኖ፣ መስመሩን ስቶ የተጻፈ የልጅ ስም ነው። ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ቆየ። ነርሷ ዚፕ ያለው ላስቲክ ሰጠችው። አጥፎ ከተተው፤ ባለቤቱ ከመጣ እሰጠዋለሁ ብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።