ስጦታው ያንተ፣ ጠርሙሱ የእናቴ

ኅዳር ሲጋመስ ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። የሚታዩት ሁለት ንጹሕ እጆች ብቻ ናቸው። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም፣ የቤት ኪራይ የለም። እጆቹ ባዶ ጠርሙስ ያነሳሉ፣ ሪባን ያስሩበታል፣ ቅጠል ይሰኩበታል፣ አለቀ፤ ያለ ወጪ የተሠራ የገና ስጦታ ተባለ። የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሚውል እነሱ ሠርተው፣ ሰጥተው፣ ረስተውት እንኳ እኛ 13 ቀን ይተርፈናል። እህቴ እነዚህን ቀናት የመኮረጃ ጊዜ ትላቸዋለች።

ዘንድሮ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አዋጅ ወጣ። የገና ስጦታ በእጅ የተሠራ ብቻ ይሁን፣ ወጪውም ከ200 ብር አይለፍ። አዋጁን ያወጣችው ያችው እህቴ ናት። አጎቶቻችን ወዲያው በአውራ ጣት አጸደቁት። ስጦታ ሰጥተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ስጦታ ሕግ ሲወጣ ደስ ይላቸዋል። 200 ብሩ ግን ያሳስባል። ኖቱ በ2013 ሲወጣ ሰው "ዘርዝሩልኝ" እያለ ከሱቅ ሱቅ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ሪባንና ሙጫ ገዝተህበት ስትወጣ ባለሱቁ "መልስ የለኝም፣ ማስቲካ ልስጥህ?" ይልሃል።

ለነገሩ እኛ ጋ ገና መቼ ነው የስጦታ በዓል የሆነው? ለልጆች ልብስ ይገዛል፣ ድፎ ይደፋል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ቅርጫ ይገባል። ድሮ ደግሞ ወንዱ ሜዳ ወጥቶ ሩር ሲለጋ ይውል ነበር። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተብሎ ጌታው ቁርጭምጭሚቱን በዱላ ይቀምሳል። ከስጦታ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፣ ወረቀትም አይጠቀለልበት። አሁን ግን የፕላስቲክ ዛፍ ሳሎን ገብቷል፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ የሆነ ነገር መቀመጥ አለበት።

እህቴ ብስኩት መረጠች። በቅቤና በእንቁላል። በጾም! ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል፣ ቤታችን ውስጥ ብስኩቱን የሚቀምስ ሰው የለም። ሐዋሳ ግን ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ አታጣም። ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን ተጠሩ። አንዷን ቀመሱና "ስኳር ትንሽ ይቀራታል" አሉ። በማግስቱ ሲቀምሱ ጨው ነው የሚቀራት። ከዚያ ወዲያ ሳይጠሩም "እስኪ ዛሬስ እንዴት ሆነች?" እያሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። ለገና የተረፈው ብስኩት አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልሞላም፤ እሱንም እህቴ ወስዳ ለእሳቸው በስጦታ ሰጠቻቸው። በጣም ተደሰቱ፣ "አሁን ልኳን አገኘች" አሉ።

የአክስቴ ልጅ ዳንቴል ሠራች። ዳንቴል ይከበራል፤ የእናቶቻችን ዘመን ቤት በዳንቴል ቆሞ ነው የኖረው፣ ሶፋው ዳንቴል፣ ራዲዮው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል። ችግሩ የዛሬ ቴሌቪዥን ጀርባ የለውም። ዳንቴሉ የሚያርፍበት ስላጣ ወደ ፊት ተንጠለጠለ። አያቴ ደግሞ "ልጅቷ ዓይኗን አጥፍታ የሠራችውን አናነሳም" ብለው ከለከሉ። በዓሉን ሙሉ ዜና አንባቢዎቹን በአበባ ቀዳዳ ነው ያየናቸው።

ሌላዋ ሹራብ ሠርታ መጣች። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቀን ቀን ሰው ሐይቁ ዳር ጥላ ፍለጋ የሚዞርባት ከተማ። አጎቴ ለአክብሮት ለበሱት፣ ዶሮው ሳይቀርብ ላብ አጠመቃቸው፣ "እንዴት ነው ጋሼ?" ሲባሉ "ሙቀት አለው" አሉ። ውሸት አልተናገሩም።

ትንሹ ወንድሜ ከቪዲዮው ኩፖን የሚባል ነገር ኮርጆ መጣ። ካርቶን ቆርጦ፣ በከለር አሳምሮ "ይህን ለያዘ አንድ ቀን ዕቃ አጥባለሁ" ብሎ ጻፈና ለእናታችን ሰጣት። ወጪው ዜሮ። እናቴ አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባው ላይ የሚቀጥል መስሏት ነው። "ሌላውን ቀንስ ማን ሊያጥበው?" አለች። አጎቴ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ይመነዘር እንደሆነ ጠየቁ።

እኔ ወደ በርበሬ ሄድኩ። በርበሬ የማይወድ ዘመድ የለኝም፣ ደግሞም አይበላሽም። ገበያ ሄጄ የዛላውን ዋጋ ስጠይቅ ሴትዮዋ "የኔ ልጅ፣ ዶላር ጨምሯል እኮ" አሉኝ። በርበሬው የመጣው ከሃላባ ነው። ሃላባ ከዚህ ምን ያህል ነው? መኪናው ሳይሞቅ ነው የሚደረሰው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን ዶላር ያላየው ማሳ የለም። ተከራክሬ አንዲት ፌስታል ይዤ ተመለስኩ። 200 ብሩ እዚያው ተቃጥሏል።

ከዚያ ሥራው መጣ። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ይደለዛል። እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይታመሳል። ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ይፈጫል፣ ተመልሶ ይነፋል። እኔ መቀንጠሱ ላይ ዓይኔን በእጄ አሸሁት። የቀረውን ማን እንደሠራው ቤተሰቡ ያውቃል። እናቴ መጀመሪያ የእኔን ፌስታል አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ ከዚያ ምንም ሳትል ከራሷ ዛላ ጋር ደባለቀችው። በየዓመቱ ለእያንዳንዳችን፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድማችን ጭምር በላስቲክ አስራ የምትልከው በርበሬ ያው ነው። እስከ ዛሬ ማንም ስጦታ ብሎት አያውቅም። "እማዬ፣ በርበሬ አልቋል" ይባላል እንጂ "አመሰግናለሁ" ሲባል አልሰማሁም። እኔ ሪባን አሰርኩበትና ስጦታ ሆነ።

የሚያስቸግረው በርበሬው ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ጠርሙሱ ነው። የማር፣ የማርማላታ፣ የማዮኔዝ ባዶ ጠርሙስ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ በመጠን ተሰልፎ ይኖራል። ቆራሌው በበራችን ሲያልፍ ድምፁን የሚቀንሰው ከዚህ ቤት ጠርሙስ ወጥቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል። ጨርቅና ጫማ ለልዋጭ ይሰጣል፤ ጠርሙስ አይነካም። በልመና ተፈቀደልኝ። "ይመለሳል" ብዬ ማልኩ። በስንቱ እንደማልኩ አልናገርም፣ ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የመጡ እንግዶች ቤታችን አድረው ነበርና በሳሎን ሙሉ ምስክር ፊት ነው ያስማለችኝ።

ገና ደረሰ። አቶቴ ሰፈር ላለችው አክስቴ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰጠኋት። ሪባኑን ነካች፣ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች፣ ዝም ብላ አየችኝ።

"ሥራ ለቀክ እንዴ ልጄ?"

"ኧረ አልለቀቅኩም፣ አክስቴ።"

"ደመወዝ ዘገየ?"

"አልዘገየም፣ በእጄ ነው የሠራሁልሽ።"

"በእጅህ?" ደግማ ቀመሰች። "ይሄ የእናትህ ድልዝ ነው። እሷ ጤና አዳሙን ታበዛለች።" ከዚያ ወደ ጓዳ ወስዳኝ የሆነች ብር እጄ ውስጥ ጨበጥ አደረገችልኝ። "ለማንም አትናገር፣ አሁን የማይቸገር የለም።" ብሩ ከተፈቀደው 200 ይበልጣል። በዚህ ስሌት ከሁሉም ዘመድ ጓዳ ብገባ ኖሮ በርበሬው ትርፍ ነበረው።

በማግስቱ ዘመዱ ሁሉ ስልክ አነሳ። ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ። "እትዬ፣ በርበሬው ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ፣ ሪባኑ ግን ምንድነው?" ትላለች አንዷ። እናቴ በደስታ ትስቃለች። ቀጥላ ግን ሁሉንም አንድ ነገር ትጠይቃለች።

"ጠርሙሷስ?"

እኛ ጋ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እናም ከጥምቀት በፊት ጠርሙሶች ሞልተው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ዳጣ ይዞ መጣ፣ አንዱ ንጥር ቅቤ፣ አንዱ ኮረሪማ። የአቶቴዋ አክስቴ ሚጥሚጣ ልካለች። ቁምሳጥኑ ፊት ቆመን እየገለበጥን ስናስገባ እናቴ የአክስቴን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንስታ አዟዟረችው።

"ክዳኑ የእኛ ነው፤ ጠርሙሱ የእኛ አይደለም" አለችኝ። "የእኛ ሰፊ አፍ ያለው ነው። ባጃጅ ያዝና ሂድ፣ ሳትሞላው ቀይረህ አምጣ።"