የዲትሮይቱ ጫማ ሠሪ ከንቲባ

ስለ ሄዘን ፒንግሪ ያነበብኩት ጽሑፍ ሰውየውን ባለጸጋ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት አድርጎ ማቅረቡ ስሕተት ባይሆንም፣ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በዲትሮይት ከተማ ከንቲባነት የሠራውን በአንድ መስመር ማለፉ ግን ቅር ያሰኛል። የ1893ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙዎችን ከሥራ ባፈናቀለ ጊዜ፣ በከተማዋ ጦማቸውን ያደሩ ቦታዎችን ድሆች እያረሱ ድንችና ሌላም አትክልት እንዲያለሙባቸው ያደረገ፣ ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ሲያጥርም የራሱን ፈረስ ለጨረታ ያቀረበ ሰው ነው። የድንች ነገር ቅጽል ስም ሆኖ ቀረበት እንጂ፣ ከጎዳና ባቡር ኩባንያዎች ጋር በዋጋ ቅነሳ ያደረገው ሙግትም የሚናቅ አልነበረም። በርግጥ ግትር ነበር፤ የሚሺጋን ገዥ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ እንኳ የከንቲባነቱን ወንበር አልለቅም ብሎ፣ በ1897 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱን ሥልጣን ደርቦ መያዝ እንደማይችል እስከሚወስንበት ድረስ ተሟግቷል።