ሊን ነው ከተባለ መጀመሪያ ለኩት እንጂ!

ኧረ በናታችሁ ሆዴ አሮ ነው የምጽፈው። ቱን የተደረገ (ለጉልበት ተብሎ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተቀየረ) ቱርቦ ሞተር ያለው ሰው ይሄን ጣጣ ያውቀዋል። ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ስካነር ይሰካል፣ ፒ0171 ይላል፣ ሊን ነው ማለት ነው፣ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል። እሺ፣ እስከዚህ ጥሩ። ከዛ ጋራዥ ስትወስደው ሰውየው ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት "ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ ይቀየር" ይልሃል። ይቀየራል፣ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ቀጥሎ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ነው ይባላል፣ እሱም ይቀየራል፣ መብራቱ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ቱን ያደረገው ልጅ ይደወልለትና "ችግር የለውም፣ ማፑ (የኮምፒውተሩ የነዳጅ ሠንጠረዥ) ላይ ነዳጅ እጨምርበታለሁ" ይላል። ገንዘቡ የኔ፣ ሞተሩም የኔ፣ እና በዚህ ሁሉ መሀል የነዳጅ ግፊት መለኪያ ያሰረ አንድ ሰው የለም!!

ሴንሰሩ እኮ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያየውን ኦክስጅን ነው የተናገረው። አየር በዝቷል ብሎ ስለነገረህ ነቅለህ የምትጥለው ምን አርጎህ ነው?

ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንሽ ሊን ቢሆን ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ብዙ ጊዜ በዛው ያልፋል። ቱርቦ ግን እንደዛ አይደለም። ቤንዚን ለአንድ እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ አየር በክብደት ሲያገኝ ነው ተመጣጥኖ የሚቃጠለው፣ ላምዳ 1 የሚባለው ይሄ ነው። ቡስት ላይ (ቱርቦው አየር በግፊት ሲያስገባ) ግን ሆን ተብሎ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ብዙ ቱነሮች 11.5 እና 12 መሀል ያስቀምጡታል፣ ትርፉ ነዳጅ ሙቀቱን ስለሚያወርደውና ኖክ እንዳያደርግ (ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ) ስለሚረዳ ነው። ሙሉ ቡስት ላይ ሆነህ 13.5 ወይ 14 ካየህ እግርህን አንሳ በቃ። ኖክ ይመጣል፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) መቀመጫ ይሰበራል፣ ፒስተን ይቀልጣል፣ ይሄ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፣ በአንድ ረገጣ ሊሆን ይችላል። "ቆይ ሴንሰር እየቀየርን እንየው" የሚባልበት ነገር አይደለም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ መቼ ነው ሊን የሚሆነው የሚለው ነው። ፊውል ትሪም የሚባለው ቁጥር ማንኛውም ስካነር ላይ አለ እኮ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ፐርሰንት ነዳጅ እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ሚኒሞ ላይ (ሳይረገጥ ሲሠራ) +20 ሆኖ ዙሩን 2500 ስታደርሰው ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሆነ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው፣ ምክንያቱም ያቺ ቀዳዳ የምታስገባው አየር ሚኒሞ ላይ ብዙ ነው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ድርሻዋ ያንሳል። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ ትሪሙ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ ግፊቱን፣ ወይ የሚገባውን አየር የሚቆጥረውን ማፍ ሴንሰር አየሩን አሳንሶ እንዳያነበው እይ። ሰፊ የአየር ቱቦ ገጥሞ የማፉን ስኬል (ምልክቱ ወደ አየር መጠን የሚቀየርበትን) ሳያስተካክል ሊን ሆነብኝ የሚልም ሞልቷል። ይሄን ሁሉ ለማየት የሚፈጀው የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፣ አስር ደቂቃ!

ሌላው የሚያናድደኝ "ኢንተርኩለር (የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ) ቱቦህ ስለሚያፈስ ነው ቡስት ላይ ሊን የሆነብህ" የሚለው ነው። ማፍ ባለው መኪና ማፉ የቆጠረው አየር ቡስት ላይ በቀዳዳው ወደ ውጭ ካመለጠ ነዳጁ ነው የሚበዛው፣ ሪች ነው የሚሆነው! ቀዳዳ ሊን የምታደርግህ ሚኒሞ ላይ ነው፣ ያውም ከስሮትሉ (ከአየር መግቢያው በር) ወዲያ ቫኪዩም ባለበት በኩል ከሆነች። በማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት መለኪያ፣ ከነዳጁ ማፕ ጋር አይምታታ) ብቻ የሚሠራ ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ ማውጫው ከተሰነጠቀም የውጭ አየር ገብቶ ሊን ያስመስላል፣ አንዱ ሲሊንደር ካልተኮሰም እንደዛው፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩ ጋ ይደርሳላ። ሳይለይ ነዳጅ የጨመረ ሰው ደህናዎቹን ሲሊንደሮች በነዳጅ እያጠበ ነው።

የኔ መኪና ችግር ምን ሆኖ ተገኘ? ወደ ነዳጅ ሬጉሌተሩ የምትሄደው ቀጭን የቫኪዩም ጎማ ተሰንጥቃ! ሚኒሞ ላይ አየር ታስገባለች፣ ቡስት ላይ ደግሞ ግፊቱን ታስመልጣለች። ሬጉሌተሩ ሥራው ቡስት ሲጨምር የነዳጁንም ግፊት እኩል መጨመር ነው፣ መነሻው 3 ባር ከሆነ 1 ባር ቡስት ላይ 4 መሆን አለበት። ቡስቱ ጭራሽ ካልደረሰውና ግፊቱ 3 ላይ ከቀረ በኢንጀክተሩ ጫፍ ያለው ልዩነት 2 ብቻ ነው፣ ነዳጁ በ18 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ 11.8 የነበረው 14.4 ሆነ ማለት ነው። ለአንዲት ጎማ! መለኪያ ታስሮ አንዴ ተነድቶ ቢሆን ያኔውኑ ይታይ ነበር።

ማፑ ላይ ነዳጅ እጨምራለሁ ያለው ልጅ ቢሰማ ኖሮስ? ጣሪያው እያፈሰሰ ባልዲ መደርደር ነው። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ወይ እየደከመ ያለ ፓምፕ ከሆነ ይብሱን ይደክማል፣ ሽቦው ቮልቴጅ እየጣለበት ከሆነም ያው ነው፣ ኢንጀክተሩ 85 ፐርሰንት ዱቲ (ከጊዜው ክፍት የሚሆንበት ድርሻ) አልፎ መተንፈሻ ያጣል፣ ከዛ የምትጨምረው ነዳጅ ከየት ይመጣል? ወይ ደግሞ ሌላ ጊዜ አንዱ ጎማዋን ይቀይራትና ሞተሩ በተጨመረው ነዳጅ ሪች ሆኖ ይታፈናል፣ እንደገና ሌላ ፍለጋ።

ደግሞ እባካችሁ ሙሉ ስትረግጡት አብዛኛው ኮምፒውተር ትሪሙን አይሰማም፣ በተጻፈለት ማፕ ነው የሚሄደው፣ የፋብሪካው ተራ ኦክስጅን ሴንሰርም ከ14.7 አካባቢ ውጪ ቁጥሩን አያውቀውም። ዋይድባንድ (ከ14.7 የራቀውንም የሚለካ ሴንሰር) የሌለው ቱን የተደረገ ቱርቦ በጭፍን ነው የሚነዳው። ዋይድባንድ ግጠሙ፣ ዙር፣ ቡስት፣ ላምዳ፣ የነዳጅ ግፊት፣ የኢንጀክተር ዱቲ፣ ኖክ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ቅዱት። ያንን ሎግ አሳየኝ ሳይል ላፕቶፑን ከፍቶ ማፑን ልንካልህ የሚል ሰው ከመጣ ቁልፉን አትስጡት።