ሳይደርሱ መድረስ

አንስታይን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ቀጥሮ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልተጨነቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከባልደረቦቹ ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሆኖ የኳንተም ንድፈ ሐሳብን፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚተነትነውን ሳይንስ፣ ሲሞግት አልዋጥልህ ያለው፣ የተቆራኙ ሁለት ቅንጣቶች የቱንም ያህል ቢራራቁ አንዱ ሲለካ የሌላው ውጤት ወዲያውኑ መታወቁ ነው። ከብርሃን ቀድሞ የሚደርስ ማን አለ? ብሎ ጠየቀ። እኛ አለን።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ምኒልክ አደባባይ ቆሜ ለባልንጀራዬ ደወልኩ። «ደረስኩ ወንድሜ! ቸርችልን እየወጣሁ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይታየኛል» አለኝ። ከድምፁ ኋላ ውሃ ይንፏፏል። ስልኩን በመዳፉ ከልሎ «ኧረ ፎጣ አቀብሉኝ!» ሲልም ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ገላውን እየታጠበ ዳገት የሚወጣ ሰው! ምስጉን ነው፤ ቅንጣቶች እንኳ ለዚህ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋቸዋል።

ደግሞም ቁርኝታቸው ወሬ አያቀብልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቻይና ሳተላይት 1,200 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ላይ ቁርኝቱን አረጋግጧል፤ ሆኖም በዚህ መንገድ «እንደምን አደርክ» እንኳ መላክ አይቻልም። እያንዳንዱ ወገን የሚያገኘው እንደ ሳንቲም ዘውድና ጎፈር ዕጣ ነው፤ የወዲያኛው ምንም ቢያደርግ የወዲህኛው ዕጣ አይለወጥም። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው መደወል ግድ ነው፤ የስልክ ድምፅም ከብርሃን አይቀድምም።

የኛ ሰው ግን ስልኩን ራሱን ከወሬ አጽድቶታል። አልጋው ውስጥ ቢሆን «ደረስኩ»፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቢሆን «ደረስኩ»፣ ከጀርባዬ ቆሞ ትከሻዬን ሊነካኝ ቢልም «ደረስኩ»። ወዲያ ማዶ ምንም ቢሆን ወዲህ ማዶ የሚሰማው አንድ ነው። ሊቃውንት በቀመር የደረሱበትን እኛ በአንድ ቃል፣ ያውም በራሳችን የአየር ሰዓት! እ.ኤ.አ. በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ይህንኑ ቁርኝት በሙከራ ላሳዩት ለአስፔ፣ ለክላውዘርና ለዛይሊንገር ሲሰጥ ለእኛ አንድ ወንበር አለመተዉ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ስታዲየም በር ላይ የቀጠርኩት ሌላ ሰው ነው።

«ደረስኩ» አልኩት።

«እኔም» አለኝ። በስልኩ ውስጥ የጊዮርጊስ ደወል ተሰማኝ፤ በሌላኛው ጆሮዬም።