ምን በድለዋቸው ነው?

«አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የማይልኩ፣ እቤት እያስተማሩ ፍየል የሚያስጠብቁ ነጮች አሉ» ብዬ ለአጎቴ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ምን በድለዋቸው ነው?» አለኝ።

አልቀለደም። አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዘንዘልማን አለፍ ብሎ፣ ሮቢት አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። ከማሳው ጫፍ ሆኖ ጣናን ያየዋል። ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ልጆቹ እንደሱ በሬ ሲከተሉ እንዳይኖሩ ነው። የተማረ ሰው፣ ያውም አሜሪካ ተቀምጦ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በረት ያስገባል ሲሉት እንዴት ይግባው?

ሰዎቹን ያወቅኳቸው በበግ ሰበብ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ፋሲካ ሲደርስ በግ ፍለጋ ወደ ፔንሲልቬኒያ ገጠር እንነዳለን። ላንካስተር አካባቢ አሚሾች፣ መኪና የማይነዱት አጥባቂ ክርስቲያኖች፣ በፈረስ ጋሪ ሲሄዱ ይታያሉ። የኛ ባለበጎች ግን አሚሽ አይደሉም። መኪና አላቸው፣ ስልክ አላቸው፣ እሑድ እሑድ ጊታር የሚመታበት ቸርች ይሄዳሉ። ስድስት ልጆች አሏቸው፤ አንዱም የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መጀመሪያ የሄድን ቀን በጎቹን አስመዝነን ዋጋ ስንከራከር፣ ሂሳቡን በቃሉ ደምሮ የነገረን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የሥራ ቀን ነበር። «ዛሬ ትምህርት የለህም እንዴ?» አልኩት። «ጨርሻለሁ» አለኝ። ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ ቤተኛ ሆኛለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አባትና ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ፍየል ያልባሉ። 1 ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላል፤ ከቁርሱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፤ ልጆቹ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው ይይዛሉ። ከዚያ ያው የቁርስ ጠረጴዛ ክፍል ይሆናል። እናትየዋ ሊጥ እያቦካች ነው የምታስተምረው። ትንሹ ፊደል ይጽፋል። መካከለኛዋ ዱቄት በስኒ እየሰፈረች ክፍልፋይ ትማራለች። «ሁለት ሦስተኛ ስኒ ሁለት ጊዜ ስንት ይሆናል?» ስትላት፣ ልጅቷ ሰፍራ፣ ደርባ፣ ዓይታ ነው የምትመልሰው። አንድ ስኒ ከአንድ ሦስተኛ። ትልቋ ጥግ ይዛ ታሪክ ታነባለች። ሕፃኑ ወንበሩ ላይ ታስሮ የዳቦ ቅርፊት ያላምጣል። ከሰዓት እንቁላል መልቀም፣ የፍየል ኮቴ መከርከም፣ አትክልት መኮትኮት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኝቷል። እናትየዋ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም።

እኛ ሰፈር «ዝም ብለው ልጅ ያስቀሩ ሰዎች» ይባላሉ። እንደዚያ አይደለም። እቤት ማስተማር በሃምሳዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ጀርመን ብትሄዱ ግን ክልክል ነው። ፔንሲልቬኒያ ጠበቅ ከሚያደርጉት ግዛቶች አንዷ ናት። በፈረንጆቹ 1988 በወጣው ሕግ መሠረት የሚያስተምረው ወላጅ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ መሆን አለበት። በየዓመቱ ቃለ መሐላ ያስገባል። 180 ቀን ያስተምራል። የልጁን ሥራ በፋይል ያስቀምጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሕጉ የሚቀበለው ገምጋሚ፣ ለምሳሌ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው፣ ልጁን አነጋግሮ፣ ፋይሉን ገልጦ ይፈርማል። የእሳት አደጋ መከላከል ሳይቀር የግድ ከሚሰጡት ትምህርቶች ውስጥ አለ።

አንድ ቀን እናትየዋ መዝገቧን አሳየችኝ። ቀን፣ የትምህርት ዓይነት፣ የተሠራው ሥራ። አንዱ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። ፍየል ስትወልድ ልጆቹ ሌሊት ተነስተው ረድተዋል። ሁለተኛው ግልገል አንገቱን አጥፎ መጥቶ ነበርና አባትየው እጁን አስገብቶ ሲያቃናው ትልቋ ባትሪ ይዛለታለች። በማግስቱ ግልገሉ እንዴት እንደመጣ ሥለው፣ ከሥር ጽፈውበታል። መዝገቡ ላይ «ሳይንስ» ተብሎ ገብቷል።

የአጎቴ ሦስተኛ ልጅ አራተኛ ክፍል እያለ ላማቸው ምጥ ያዛት። ልጁ የጠዋት ፈረቃ ነበር፤ በደህናው ቀን ከሰዓት ከብት ይጠብቃል። ያን ቀን ግን ጠዋትም እዚያው ዋለ። ውሻ ሲያባርር፣ ጥጃዋን ሲያደርቅ፣ እንገሩን እንድትጠባ አፏን ወደ ጡቱ ሲያስጠጋ። በማግስቱም እንዲሁ። ትምህርት ቤት መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ «ቀሪ» ተባለ። ወላጅ አምጣ ሲባል የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። «ከብት አስበልጠን አይደለም መምህር፣ ሰው ቸግሮን ነው» አለች። መምህሩም ወዶ አይደለም። ያን ሁሉ ልጅ አንድ ክፍል አጭቆ የሚያስተምር ሰው፣ የእያንዳንዱን ቤት ጥጃ ሳይንስ ነው ብሎ መመዝገብ ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ ዲያስፖራው የሚወደው ንግግር አለ። «አየህ፣ ነጮቹ እኛ የተውነውን ነው የያዙት! ልጅ ከወላጁ ሥር፣ ከመሬቱ ጋር ሲያድግ ነው ሰው የሚሆነው።» ይሄን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። እኔ አይዋጥልኝም። የፔንሲልቬኒያዋ እናት ቧንቧ ትከፍታለች። ልብሱን ማሽን ያጥብላታል። ቤተ መጻሕፍቱ በአንዴ ቅርጫት ሙሉ መጽሐፍ ያውሳታል። ባልየው በሳምንት ሦስት ቀን ሰው ቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፤ ቤቱን የሚያቆመው እሱ እንጂ ፍየሉ አይደለም። ራሱ ነው የነገረኝ። ነገ ቢሰለቻቸው ደግሞ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ በደጃቸው ያልፋል። ልጆቹ ይሳፈራሉ፣ አለቀ።

የአጎቴ ሚስት ቀኗን የምትጀምረው ከጉድጓድ ውሃ ስባ ነው። እነሱ ጋ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ የቆፈረ ብዙ ነው። በዚያው ውሃ ጌሾ፣ ቡናና ጫት ያጠጣሉ። ጫቱን አልደብቅም። አጎቴ ዳዊት ሳይደግም ከቤቱ የማይወጣ ሰው ነው። ቄሱ ጫትን ሲያወግዙ አቀርቅሮ ይሰማል። ግን የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ጫቱ ነው። «እህሉ ለሆድ፣ ጫቱ ለደብተር» ይላል። ምን ትለዋለህ?

ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም። በፔንሲልቬኒያ ሕግ ቢሆን የገዛ ልጆቿን ማስተማር አይፈቀድላትም። ግን የቤቱ መዝገብ እሷ ናት። የቱ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም በሬ ስለማይጠመድ የትኛው ሥራ ወደየትኛው ቀን እንደሚገፋ፣ ጾም ሲገባ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለገበያ ይሁን ለፋሲካ፣ ሁሉንም በቃሏ ታቀናጃለች። ተራው ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ከነጮቹ የትምህርት ቀን ጋር መግጠሙ አስቆኛል። ለነጭዋ ስለ ጾማችን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወተቱን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላ ነው። ባለፍየል ናታ!

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የእምነቱ ነገር ነው። ነጮቹ ልጆቻቸውን እቤት ያስቀሩት ለእምነታቸው ሰግተው ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ስልኩ፣ ጓደኛው ልጃችንን ይነጥቁናል ብለው። የጎጃም ክርስቲያን ደግሞ ልጁ በእምነቱ እንዲበስል ሲፈልግ ከቤት ያስወጣው ነበር። ልጁ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ካማረው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይጠፋል። በማያውቀው ቀዬ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ታግሎ፣ ጎጆ ቀልሶ ይማራል። አጎቴም በልጅነቱ ሞክሮታል፤ ቅማሉና ረሃቡ ሲበዛበት ተመለሰ። አሁንም ሲያወራው ግን ዓይኑ ይበራል። «እናት ጉያ ተቀምጦ ቅኔ አይቆጠርም» ይላል።

ይሄን ለፔንሲልቬኒያው አባት ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። «አሥር፣ አሥራ ሁለት።» «እናትየው ዝም ትላለች?» አለ። ለሱ ያ በደል ነው። ለአጎቴ ደግሞ ልጅን እቤት አስቀርቶ ፍየል ማስጠበቅ በደል ነው። ሁለቱም ገበሬ፣ ሁለቱም ጸሎተኛ። እኔን የሚመቸኝ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ልጁ ከቤት ውጭ ሌላ ሰው «መምህሬ» ብሎ መጥራቱን እመርጣለሁ። ስድስቱ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን የሚያርማቸውም፣ የሚያበላቸውም፣ የሚቆጣቸውም አንድ ሰው ነው። እናትየዋም የምታርፍበት ሰዓት የላትም። የኛ ሰው በዲሲ ቢሞክረውስ? ባል በቀን፣ ሚስት በሌሊት ፈረቃ እየሠሩ፣ ልጅ የሚቀባበሉት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ተዉት።

አጎቴ በትምህርት ላይ የነበረው እምነት ግን እየቆየ ተነቃንቋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2። በሬዲዮ ሰምቶ «ከመቶ ሦስት? ዘር ቢሆን አልዘራውም ነበር» አለኝ። በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት ገብቶ ነበር፤ የገጠር ትምህርት ቤቶች በብዛት ተዘጉ። የነሱም ተዘጋ።

አሁን የመጀመሪያዋ ልጁ ናት መምህሯ። ስምንተኛን ጨርሳለች። ኔትወርክ ሲመጣ መጻሕፍቱን በቴሌግራም ታወርዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ወንድሞቿን በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ የቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ እየጻፈች ሂሳብ ታሠራቸዋለች። ከዚያ እነሱ ከብቱን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፣ እሷ ወደ ጉድጓዱ። ለነጭዋ ስነግራት ደስ አላት። «ድንቅ ነው፣ መጻሕፍት ልላክላት» አለች። ልቧ ደግ ነው። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳት? እሷ የመረጠችውን እኮ ነው እነዚያ ተዘግቶባቸው የያዙት። ተኩስ ሲሰማ ክፍሉ ይበተናል።

ባለፈው ስልክ ሲሠራ አጎቴ ደወለ። ልጅቷን ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ዘጠነኛ ሊያስገባት ነው። ከተማው ውስጥ ትምህርት አለ፤ የሰፈሩ ሰው ልጅ አብራት ትገባለች፤ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይላካል። ኪራዩን እንድጋራው ፈልጓል።

«ትንንሾቹን ታዲያ ማን ያስተምራቸው?» አልኩት።

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ብሩን ላክ» አለኝ።