ብርድማ ለጋምቦ ነው

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሥራ ዝውውሩ ሲመጣ ለባለቤቴ «ሰፈር መቀየር ነው እንጂ አገር መቀየር አይደለም» አልኳት። ይህችን ቃሌን እስከ ዛሬ ትመልስልኛለች። ትናንትም ሦስተኛ ካልሲ እየደረበች መልሳልኛለች።

ነገሩ ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። መሐል ላይ ሐረጎ የሚባል ዳገት አለ። ዕቃችንን የጫነው አይሱዙ ሐረጎን ሲወጣ ያቃስት ነበር። ጋቢና የተቀመጡት አማቴ በየጥምዝምዙ አንድ ልብስ ይደርባሉ። ታች ነጠላ ነበሩ። ግማሽ ላይ ጋቢ ወጣ። ትንሽ ቆይተው መኪናውን አስቁመው ብርድ ልብስ ከጭነቱ አስወጡ። ገመዱን ፈትቶ መልሶ ለማሰር ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሹፌሩ «እማማ፣ ገና ደሴ አልገባንም እኮ» ቢላቸው፣ «መች ገባን አልኩ፤ እየተዘጋጀሁ ነው» አሉት።

ደላላው «ቤቱ ፀሐይ አለው» ብሎን ነበር። አልዋሸም። ፀሐይ ጠዋት ትመጣለች፣ እንደምን አደራችሁ ትላለች፣ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ በስተምዕራብ የተገተረው የጦሳ ተራራ ይቀበላታል። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን ገና ጥላ ሲፈልጉ እኛ ግቢ መሽቷል። ደላላው ቤቱን ለምን በጠዋት እንዳሳየን የገባኝ ኮሚሽኑን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀድሞ የታመመው ሊጡ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በቀኑ ኩፍ የሚል ሊጥ እዚህ ድርቅ ብሎ ተኛ። አማቴ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልለው ማንደጃ አጠገብ አስቀመጡት። ጋቢው የኔ ነው። የሚረጋው ዘይት እውነትም ረጋ፤ ባለቤቴ በማንኪያ እየፋቀች ወጥ ትሠራለች። ከኮምቦልቻ የመጣው ቬንትሌተር ደግሞ አሁን በረንዳ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል። በዝውውሩ ከደረጃው ዝቅ ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

ታዲያ የገረመኝ ብርዱ ሳይሆን የደሴ ሰው ነው። ብርድ አለ አይልም። ጎረቤታችን ሐጂ ጎህ ሳይቀድ በባዶ እግራቸው ወጥተው በቧንቧ ውሃ ውዱእ ያደርጋሉ። ጥቅምት ነው። እኔ በመስኮት ሳያቸው ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አንድ ቀን ደፍሬ «ሐጂ፣ አይበርድዎትም?» አልኳቸው።

«ብርድ?» አሉ ዞር ብለው። «አብሽር ልጄ፣ ይሄ አየር ነው። ብርድማ ለጋምቦ ነው!»

እሺ አልኩ። ለጋምቦ የወሎ ደጋ ወረዳ ነው። መሥሪያ ቤት አንድ የለጋምቦ ልጅ አለ፣ የዋና ከተማዋ የአቀስታ። ኮቱን ክፍት አድርጎ ነው የሚሄደው። ጠየቅኩት። «አቀስታ ምን ብርድ አለ? እሱማ አምባ ፈሪት ተራራ አናት ላይ ነው» አለኝ። አምባ ፈሪት አናት ላይ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ እዚያው ቆምኩ። የሚኖር ቢሆን ኖሮ እሱም ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁመኝ ነበር።

ወደ ታችም ያው ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ አንድ የባቲ ነጋዴ ማታ ማታ ካፖርት ይለብስ ነበር። «ኮምቦልቻ ላይ ካፖርት!» ብዬ ስቄበታለሁ። ግፉ ደርሶብኛል።

ወጉ ግን ባሕር ተሻገረ። የአጎቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ዴንቨር አጠገብ ካለች የተራራ ግርጌ ከተማ ገባ። በቪዲዮ ደወለ። ከኋላው ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ከደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ በአካፋ ካልጠረገ ይቀጣል አሉ። «ሌሊቱን በረዶ ሲወርድ አደረ» አለን።

አማቴ ደነገጡ። «ሌሊቱን ሙሉ? ጣሪያው ተረፈላችሁ?»

«አይመታም እማማ። ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው።»

«ድምፅ ከሌለው ምኑን በረዶ ሆነ!»

እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም አንድ ስም ሰጥተን ስንግባባ ኖረናል። ችግሩ የመጣው ዘመድ ዴንቨር ሲገባ ነው።

በዚህ መሐል ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጄ ከስልኩ ቀና አለ። «አባዬ፣ ዴንቨር እኮ 1,609 ሜትር ላይ ናት።» ቤቱ ጸጥ አለ። ደሴን ተወው፤ ኮምቦልቻ ትበልጣታለች! የአጎቴ ልጅ በእኛ ስሌት ቆላ ነው የወረደው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነን፣ እነሱ 40 ገደማ፣ ክረምታቸው የሚከፋው ለዚያ ነው እያለ ሊያስረዳ ሞከረ። ማን ይስማው። አማቴ «አይዞህ ልጄ፣ ቆላ ወባ አለው፣ አጎበር አትርሳ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ለልጁ ከሰልባጅ ተራ ወፍራም ጃኬት ገዛሁለት። ቤት ስንደርስ ዚፑ ላይ የተንጠለጠለች ወረቀት አገኘን። ፎቶ አንስተን ለአጎቴ ልጅ ላክን። ወዲያው ደወለ።

«የበረዶ መንሸራተቻ ትኬት ነው። እዚህ ሰው ከፍሎ ተራራ ጫፍ ይወጣና ይንሸራተታል።»

አማቴ ጠጋ አሉ። «ወጥቶ ምን ይዞ ይመለሳል?»

«ምንም እማማ። ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ማገዶ ተሸክመው ዳገት የወጡ ሴት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው?» ብቻ አሉ።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ መጣ። አንድ ከሰዓት እኛ የምናውቀው ባለ ድምፁ በረዶ ቆርቆሮውን ሩብ ሰዓት ሲደበድበው ቆየ። ሲያባራ ቁልቁለቱ ነጭ ሆኗል። የሰፈሩ ልጆች የተቆረጠ ጀሪካን እየያዙ ወጡ፤ የኔም አብሮ። ይሰበራሉ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። አማቴ ቀድመውኛል። ዳገቱ አናት ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከሊጡ ላይ የተነሳውን ጋቢዬን ለብሰዋል። እጃቸውን ዘርግተው «አንድ አንድ ብር! ያልከፈለ አይወርድም!» ይላሉ።