ተቃጠለ ወይስ ተቃጠለ?

ባዶ ዲቪዲ ላይ ፋይል መጻፍን ፈረንጅ «በርን ማድረግ» ይለዋል። እኛም እንዳለ ተቀብለን «ማቃጠል» አልነው። ችግሩ በእኛ ቋንቋ የማይቃጠል ነገር የለም። አምፖል ይቃጠላል፣ ሞተር ይቃጠላል፣ ካርድ ይቃጠላል፣ ሰው በሰው ነገር ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱ መጥቶ «ዲስኩ ተቃጠለ» ቢልህ «እሰይ!» ትለው እንደሆነ ወይ «አይዞህ» ትለው እንደሆነ ፊቱን አይተህ መፍረድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ይህ የገባኝ አክስቴ የሠርጋቸውን ፊልም ለስድስት ልጆቻቸው በስድስት ዲቪዲ እንዳባዛላቸው ያዘዙኝ ጊዜ ነው። ፊልሙ ከድሮ የቪዲዮ ካሴት ወደ ፋይል ተገልብጦ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

«በፍላሽ ላድርግልዎት» አልኳቸው።

«ፍላሽ የአዝራር ታናሽ ወንድም ነው፤ ዛሬ ሰጥተኸኝ ነገ የለም። ዲስክ ግን ስም ይጻፍበታል፣ ይደረደራል» አሉኝ።

አፌን ያዝኩ። እውነትም ስም የተጻፈበት ፍላሽ አይቼ አላውቅም።

የወንድሜ ልጅ ነገሩን ሲሰማ፣ ለቆየ ሕመምተኛ እንደሚታዘን አዘነልኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ዲቪዲ? ክላውድ ላይ ይጫኑትና ሊንኩን ይላኩላቸው!» ቃሉን ተርጉሜ ለአክስቴ አደረስኩ። «ደመና ላይ? የእኔን ሠርግ?» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ሲዘንብስ?» ጨመሩ። በዚሁ ጉዳዩ ተዘጋ።

ላፕቶፔን አንስቼ ዙሪያውን ዳበስኩት። ዲስክ የሚጎርስበት አፍ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 አፕል ማክቡክ ኤርን ያለ ዲስክ ማጫወቻ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ሁሉ ሊከሳ ሲል አንድ በአንድ አፉን እየዘጋ መጣ። የእኔውም ከከሱት ወገን ነው። እንግዲህ ከውጭ የሚሰካ ዲቪዲ ራይተር መግዛት ግድ ሆነ።

ራይተር ለመግዛት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «24ኤክስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጥግ ላይ፣ አፍሮ እንደተደበቀ ልጅ፣ «8ኤክስ» አለ። ሻጩ ጣቱን ትልቁ ላይ አሳርፎ «ፍጥነቱን ይዩት!» አለኝ። እኔም አየሁት፣ ደረቴም ተነፋ። ቤት ገብቼ ሳነብ ለካስ 24ኤክስ የሲዲ ፍጥነት ነው። የሲዲ አንድ ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት፣ የዲቪዲ አንድ ኤክስ ደግሞ 1,385 ኪሎባይት ነው። ሲባዛ ሃያ አራቱ በሰከንድ 3.6 ሜጋባይት ሲያመጣ፣ ያ ጥግ የተደበቀው ስምንት 11 ሜጋባይት ይጎትታል። በዘመድ ስብሰባ ላይ ድምፁ የጎላው ሌላ፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ እንደሚሆነው ማለት ነው።

«ዩኤስቢ 3.0» የሚለውንም ጽሑፍ እንደ ማዕረግ ነበር ያየሁት። ዲስክ በ8ኤክስ ለመጻፍ ግን አሮጌው ዩኤስቢ 2.0፣ በሰከንድ 480 ሜጋቢቱ፣ ተርፎ ይፈሳል። የአዲሱ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ነገር ላይ። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን 3.0 ግን 900 ይሰጣል። ስስ ራይተር ደግሞ የራሱ መሰኪያ ስለሌለው የሚበላው ከላፕቶፑ እጅ ነው፤ መጻፍ ሲጀምር ይርበዋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ይዞ የሚመጣው፤ አንዱ ለመረጃ፣ አንዱ ለጉርሻ። እኔ ባለሁለት ራሱን ገመድ «ትርፍ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና በባለአንድ ራስ ገመድ ሰካሁት፤ ይባስ ብዬ ራይተሩን ማውዝና ኪቦርድ ከሰካሁበት ማከፋፈያ ላይ ደረብኩት።

ወደ ዲስኮቹ ልለፍ፤ ዋናው ጣጣ ያለው እዚያ ነው።

ባዶ ዲቪዲ በመደመርና በመቀነስ የተከፈለ ቤተሰብ ነው። ዲቪዲ-አር እ.ኤ.አ. በ1997 ከፓዮኒር መጣ። ዲቪዲ+አር ደግሞ በ2002 ሶኒና ፊሊፕስ ካሉበት ከሌላው ወገን። ዲያሜትራቸው አንድ፣ 12 ሴንቲሜትር። ውፍረታቸው አንድ፣ 1.2 ሚሊሜትር። የሚይዙትም ያው ነው። ግን ለዓመታት የአንዱን ዲስክ የሌላው መሣሪያ አላይም ይል ነበር፤ ሰውም ከመግዛቱ በፊት ወገኑን መምረጥ ነበረበት። አሁን ራይተሩ ሁሉ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ጠበኞቹ ታርቀዋል። አሮጌ ማጫወቻ ግን እርቁን አልሰማም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀናው ለመቀነሱ ነው። የአክስቴ ማጫወቻ ጎረምሳ ሳለሁ የማውቀው ስለሆነ መቀነስ ገዛሁ።

አርደብልዩ የሚባለውም አለ፤ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል እየተደመሰሰ የሚጻፍበት። ለሠርግ ፊልም አይሆንም። ተደምስሶ የሚጻፍበት ሠርግ ለአክስቴ ልጆች ማቀበል መጥፎ ሐሳብ መስሎ ታየኝ።

ኤም-ዲስክ የሚባለው ደግሞ ሺህ ዓመት ይኖራል ይላሉ ሠሪዎቹ። ተራው ዲስክ በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል የታሸገ ቀለም አለው፤ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር እሱን ነው የሚለበልበው። (ስለዚህ «ማቃጠል» ያልነው አልተሳሳትንም።) ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ያደክመዋል። ኤም-ዲስክ ግን በቀለም ፈንታ ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ይቀረጻል፤ የሚቀርጸው ራይተርም እሱን የሚችል መሆን አለበት። ነገሩ አጓጓኝ። ግን በ999ኛው ዓመት ቢበላሽ ዋስትናውን ይዞ ማን ይሄዳል? ተውኩት።

የተገዛው ሃምሳ ዲስክ በአንድ ዘንግ የተሰካበት ነው። ሃምሳ ማለት ለስድስት ቅጂ የተትረፈረፈ ነው ብዬ፣ ረከስ ያለውን መረጥኩ። በኋላ እንደተማርኩት በማሸጊያው ላይ ያለው ስም ዲስኩን የሠራው ሰው ስም ላይሆን ይችላል። እውነተኛ ሠሪው በዲስኩ ሆድ ውስጥ በኮድ ተጽፏል፤ በትንሽ ሶፍትዌር ይነበባል። ከአንድ መደርደሪያ የተነሡ፣ አንድ ልብስ የለበሱ ሁለት እሽጎች የተለያየ አባት ይኖራቸዋል። ደግሞ ስምም ይሸጣል፤ ቨርባቲም የሚባለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሚትሱቢሺ ኬሚካል ሲኤምሲ ወደሚባል ኩባንያ ተሸጋግሯል። የዚህ ነገር አዋቂዎች ታይዮ ዩደን የሚባል የጃፓን ሠሪ ሲያነሡ፣ እንደ ሟች ዘመድ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዲስክ ሥራ ወጥቷል። የእኔ ዲስኮች አባታቸው ማን እንደሆነ አይቻለሁ። አልናገርም።

የመጀመሪያው ምሽት መጣ። ካርቶኑ 4.7 ጊጋባይት ይላል፤ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አይቶ 4.38 አለኝ። ሠሪው በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው፤ ማንም አልሰረቀኝም። ግን ሰዓት ተኩል የተሰረቅኩ ያህል ተናደድኩ፤ ምክንያቱም ፋይሌ 4.5 ነበር። አሳንሼ አዘጋጀሁት፤ «ጻፍ» አልኩት። ራይተሩ አጓራ። አሥር በመቶ፣ አርባ፣ ሰባ። ባለቤቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ዘጠና። ዘጠና ሦስት ላይ ራይተሩ «ቂጭ» አለ። ደግሞ «ቂጭ፣ ቂጭ» አለ፤ ሰማያዊ መብራቱ ጠፋ።

«ምነው ዝም አለ?» አለች።

«ተቃጠለ።»

«እሰይ! አንዱ አለቀ ማለት ነው።»

«አይ፣ ተቃጠለ።»

«ታዲያ እኮ! አምስት ቀረህ።»

ፊቴን ያየችው ያኔ ነው።

ዘጠና ሦስት በመቶ የተጻፈ ዲቪዲ-አር ዘጠና ሦስት በመቶ አይሠራም፤ ምንም አይሠራም። አይደመሰስ፣ አይጠገን። ያን «ትርፍ» ያልኩትን ገመድ ከመሳቢያ አውጥቼ ሁለቱንም ራሶቹን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፤ ፍጥነቱንም ወደ 4ኤክስ አወረድኩ። ራይተሩ ጠግቦ እንደተኛ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። ስድስቱም ወጡ። ሶፍትዌሩ «የተጻፈውን ላመሳክር?» ሲለኝ እሺ ብዬ ስድስቱንም አመሳከርኩ። ኩራቴ ጣራ ነካ።

በማግስቱ አንዱን የአክስቴ ማጫወቻ ውስጥ ከተትነው። «ዲስክ የለም» አለ። አክስቴ ማጫወቻውን አዩ፣ እኔን አዩ። ለካስ እኔ የጻፍኩት ፋይል ነው፤ አሮጌ ማጫወቻ ፋይል አያውቅም። እሱ የሚፈልገው በዲቪዲ ቪዲዮ ወግ የተሰናዳ፣ ኤምፔግ-2 የሚባለው የቪዲዮ ዓይነት የሆነ፣ በራሱ ፎልደር የተደረደረ፣ መጨረሻው የተዘጋ ዲስክ ነው። ስድስት እንከን የለሽ ዲስኮች ሠርቻለሁ፤ ለማንም የማይሆኑ። ዘንጉ እየቀጠነ መጣ።

ሳምንት ቆይቼ፣ ሁሉን አስተካክዬ፣ ራይተሩን ራሱን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ስድስተኛው ዲስክ ተጽፎ ሲያልቅ ምላሱን አላወጣም አለ። ቁልፉን ብጫነው፣ ብለምነው፣ ገመዱን ነቅዬ ብሰካው እምቢ። ሆዴ ሲንቦጫቦጭ አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ፊቱን መረመሩ፤ ከቁልፉ አጠገብ ያለችውን የመርፌ ዐይን የምታህል ቀዳዳ አዩ፤ ከቀሚሳቸው መርፌ ቁልፍ ፈትተው ሰደዱባት። ምላሱ ወጣ። «የሰው ልጅ መውጫ ሳያበጅ በር አይዘጋም» ብለው መርፌ ቁልፋቸውን መልሰው ሰኩ።

ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው የልጆቹን ስም ሊጽፉ ሲጫኑ ተንደርድሬ ያዝኳቸው፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ማርከር ነው የሚፈለገው። ቀስ ብለው፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው፣ ስድስቱንም ጻፉ። ደረደሩ። ፊልሙን አየነው፤ ዝም ብለው ነው ያዩት፣ እኔም ወሬ አላበዛሁም።

ዲስኮቹ በታደሉ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ማጫወቻ የለውም፤ ላፕቶፑም አፍ የለውም። «ወንድሜ፣ ያን ራይተርህን ለአንድ ማታ...» ሰጠሁት። ከእሱ እህቱ ወሰደች፣ ከእሷ ታናሿ። በዚህ መካከል የወንድሜ ልጅም፣ ያ የደመናው፣ ስልኩ ከነፎቶው ውኃ ውስጥ ገብቶበት ወረፋ ይዟል። ራይተሬን ካየሁት ቆየሁ፤ አሁን አራተኛው ቤት ነው ይላሉ።

ትናንት ማታ ከዚያው ተደወለልኝ።

«እንዲያው እንዴት ልንገርህ... ዲስኩን ስናስገባ ቂጭ ቂጭ ይልና መብራቱ ይጠፋል። ሳይቃጠል አልቀረም።»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ባለሁለት ራሱ ገመድ እኔ ጋ ቀርቷል።